ያላየውን «አየሁ» የሚል መነጽር



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

በዚህ እትም የምጽፈው ሄልሜት ላይ ተገጥሞ በጨለማ ስለሚያሳይ ዲጂታል ስክሪን ነው። «የዕቃ ነገር በጀመዓ ልሳን ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ተማሪዎች ግን እንዲህ ያለ ርዕስ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ወይም ለሥራ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ «ይሄ ነገር ይቻላል ወይ?» የሚል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «የጦር ዕቃ ነው፤ ራቁት» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «መሐንዲስ ቢላ ይሠራል፤ ሽንኩርት ቢከተፍበትም ሰው ቢወጋበትም የሠሪው ጉዳይ አይደለም» ይላል።

በእኔ እይታ ሁለቱም መልሶች ወሬውን ቶሎ ይዘጉታል። የመጀመሪያው ዕቃው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይሸሻል። ሁለተኛው ዕቃውን ከቢላ ጋር ያመሳስላል። ቢላ ግን አይናገርም፤ ይህ መሣሪያ ይናገራል። ጨለማ ውስጥ ላለ ሰው «እዚያ ሰው ቆሟል፤ እዚህ ገደል አለ፤ መንገዱ ክፍት ነው» እያለ ይመሰክርለታል። ሰውየውም በዚያ ምስክርነት ይራመዳል፣ ይነዳል፣ ይተኩሳል። ምስክር የሚሠራ ሰው ደግሞ ስለ ምስክርነት ሕግ ማወቅ አለበት፤ ያንን ሕግ እኛ ደረሳ ሆነን ቀርተነዋል።

ከቱቦ ወደ ስክሪን

የቀድሞው የሌሊት መነጽር የሚሠራው በቱቦ ነው። ከጨረቃ ወይም ከከዋክብት የመጣ ፎቶን ከቱቦው ፊት ያለውን ፎቶካቶድ ይመታና ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። ያ ኤሌክትሮን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ሰሌዳ ውስጥ ሲያልፍ የቀዳዳውን ግድግዳ እየመታ በሺዎች ይባዛል። የተባዙት ኤሌክትሮኖች ፎስፈር የተቀባ መስታወት ላይ ሲያርፉ አረንጓዴ ወይም ነጭ ምስል ይሰጣሉ። በመካከል ኮምፒውተር የለም። ዓይን የሚያስተውለው መዘግየትም የለም። ጨለማው ሲብስ ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነጠብጣብ ይበዛል፤ ባለ መነጽሩም «አሁን በደንብ አላይም» ብሎ በራሱ ይረዳል። ነጠብጣቡ የመሣሪያው እውነተኛ ንግግር ነው ማለት ይቻላል፤ አላየሁም ይላል።

ዲጂታሉ ሌላ ነው። ለትንሽ ብርሃን የተሠራ ካሜራ ሴንሰር አለው፤ ከኋላው ፕሮሰሰር፤ ከዓይን ፊት ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስክሪን። ጥቅሙ ብዙ ነው። ምስሉን መቅዳትና ለሌላ ሰው መላክ ይቻላል። ካርታና አቅጣጫ ይጨመርበታል። ከሙቀት ካሜራ ምስል ጋር ይዋሀዳል። ዋጋውም ለተማሪ የቀረበ ነው፤ ለትንሽ ብርሃን የሚሆን ሴንሰር፣ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተርና ማይክሮ ስክሪን ያገኘ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ መሞከር ይችላል። ነገር ግን በዓይንና በዓለም መካከል አሁን አንድ አውሪ ገብቷል። ይህ አውሪ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚቀንስ የሚወስነው ዲዛይን የሚያደርገው ሰው ነው።

ስድስት ፒክስል የሆነ ፊት

እስቲ በወረቀትና በእርሳስ እናስላው። ስክሪኑ በወርድ 1280 ፒክስል ይኑረው እንበል፤ የእይታ ስፋቱም እንደ ብዙዎቹ ባለ ቱቦ መነጽሮች 40 ዲግሪ ይሁን። ለአንድ ዲግሪ 32 ፒክስል ይደርሳል። ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሰው ፊት በ50 ሜትር ርቀት ላይ 0.18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ወደ 6 ፒክስል። በዚያው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዱላ አንድ ፒክስል ብቻ ይሆናል። የጠብመንጃ አፈሙዝም ያው አንድ ፒክስል ነው። የእረኛ ዱላና የወታደር መሣሪያ በዚህ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ናቸው።

«ታዲያ ስፋቱን እንጨምረው፤ ሰውየው ግራና ቀኙን ይይ» ያልን እንደሆነ፣ የሰው ልጅ በሁለት ዓይኑ በወርድ ወደ 200 ዲግሪ ስለሚያይ ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን በዚያው ስክሪን ስፋቱን 80 ዲግሪ ስናደርገው ፊቱ 3 ፒክስል ይሆናል። ገደሉን እንዲያይ ስንረዳው ፊቱን ከለከልነው። ይህን ምርጫ ማንም ሙፍቲ አይመርጥልንም፤ የሚመረጠው ሌንሱ ሲታዘዝ ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑ ራሱ አለ። ፎቶን እንደ ካፊያ ነው፤ በአንዱ ቦታ ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል። በአንድ ፍሬም ጊዜ ውስጥ አንድ ፒክስል ላይ በአማካይ 100 ፎቶን ቢያርፍ መዋዠቁ የ100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 10 ነው፤ ከመቶ አስር እጅ። 4 ፎቶን ብቻ ሲያርፍ ግን መዋዠቁ 2 ይሆናል፤ ግማሽ በግማሽ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የምንሠራው ከዚህ ጋር ነው። ምስሉ እንዲጠራ ካስፈለገ ወይ ብዙ ፍሬሞችን አዳብሎ አማካይ መውሰድ ነው፤ ያኔ የቆመው ይጠራል፣ የሚንቀሳቀሰው ግን ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ወይ ደግሞ ብዙ ምስል የተማረ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም የጎደለውን እንዲሞላ ማድረግ ነው። ይህኛው ሲታይ ያምራል፤ ነጠብጣቡ ይጠፋል፣ ጠርዙ ይሰላል። ነገር ግን የተሞላው ነገር ከዚያ ሌሊት አልመጣም፤ ፕሮግራሙ ቀድሞ ከተማረባቸው ምስሎች የመጣ ነው። ባብዛኛው ጠብመንጃ የያዙ ሰዎችን ምስል የተማረ ፕሮግራም ያቺን አንድ ፒክስል መስመር ምን አድርጎ ሊሞላት እንደሚችል አስቡት።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። ሴንሰሩ በሰከንድ 60 ፍሬም ቢያነሳ አንዱ ፍሬም 17 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ለማንሳት አንድ፣ ለማቀናበር አንድ፣ ለማሳየት አንድ ብንል 50 ሚሊሰከንድ ሆነ። ሰው ድምፅ ሰምቶ ጭንቅላቱን በሰከንድ 100 ዲግሪ ፍጥነት ሲያዞር ምስሉ 5 ዲግሪ ወደኋላ ይቀራል። በ10 ሜትር ላይ ይህ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ይታያል። ለረጅም ሰዓት ሲሆን ደግሞ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል።

ኢድራጅና ተድሊስ

ሙስጠለሕ የቀራ ሰው እዚህ ላይ ሁለት የሚያውቃቸው ነገሮች ትዝ ይሉታል። አንዱ ኢድራጅ ነው፤ አስተላላፊው የራሱን ቃል ከሐዲሱ ቃል ጋር ለይቶ ሳያሳይ ሲቀላቅል። ሁለተኛው ተድሊስ ነው፤ አስተላላፊው ራሱ ያልሰማውን በቀጥታ የሰማ በሚያስመስል አነጋገር ሲያወራ። የሐዲስ ሊቃውንት እነዚህን ለመለየት የደከሙት ድካም እጅግ ብዙ ነው። ታማኝ ሆኖ ሳለ በተድሊስ የሚታወቅን ሰው ወሬ ለመቀበል «ሰማሁ» ብሎ በግልጽ እንዲናገር ጠይቀዋል። ሰውየውን ውሸታም ስላሉት አይደለም። በመካከል ያለው ክፍተት ለሰሚው እንዳይሰወርበት ነው።

ፕሮግራም የሞላውን ፒክስል ሴንሰር ካየው ፒክስል ሳይለይ የሚያሳይ ስክሪን ኢድራጅ እየሠራ ነው። ከግማሽ ሰከንድ በፊት የተነሳን ምስል አሁን ያለ አስመስሎ የሚያሳይ ስክሪንም ተድሊስ እየሠራ ነው። ስክሪኑ ኒያ የለውም፤ ኃጢአትም የለበትም። ዲዛይን ያደረገው ሰው ግን ኒያ አለው፤ ተጠያቂም ነው።

ነገሩ ከሙስጠለሕ አልፎ በኦፕቲክስም የእኛው ቤት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በበስራ የተወለዱትና በካይሮ የኖሩት ኢብኑል ሀይሰም (ረሒመሁላህ) «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሰባት ክፍል ባለው ሥራቸው፣ ማየት የሚሆነው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ሲመጣ እንደሆነ አስረድተዋል። ይህን ሁላችንም በኩራት እናነሳዋለን። ከዚያ ባልተናነሰ ትኩረት የጻፉትን ግን ብዙም አናነሳውም፤ ሦስተኛው ክፍል ስለ እይታ ስሕተት ነው። ብርሃን ሲያንስ፣ ርቀት ሲበዛ፣ ለማየት ያለው ጊዜ ሲያጥር ዓይን እንደሚሳሳት፣ ከምናየውም ብዙው ፍርድና ግምት የታከለበት እንደሆነ ዘርዝረዋል። ትንሽ ብርሃን፣ ሩቅ ርቀትና አጭር ጊዜ አንድ ላይ የሚገኙበት ሥራ ቢኖር የሌሊት ሄልሜት ነው። በስማቸው የሚኮራ መሐንዲስ ስለ ስሕተት የጻፉትንም መውረስ ይገባዋል።

ከሁለት ሄልሜቶች የምንማረው

ይህ ሁሉ የወረቀት ስሌት ብቻ እንዳይመስል በአሜሪካ የተሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን ላንሳ።

የኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን ፓይለት ሄልሜት ዋጋው ወደ 400,000 ዶላር እንደሚደርስ ይነገራል። በአውሮፕላኑ አካል ላይ የተገጠሙ ስድስት ካሜራዎች የሚያዩትን በፓይለቱ ፊት ያሳያል፤ ወለሉን አሳልፎ የሚያይ ያህል። ሲሠራ ያጋጠሙት ዋና ዋና ችግሮች ሦስት ነበሩ፤ የምስል መንቀጥቀጥ፣ መዘግየትና የሌሊት ምስል ጥራት ማነስ። ኋላም አራተኛ ተጨመረ። ስክሪኑ ኤልሲዲ ስለነበር ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ከኋላው ብርሃን ሾልኮ አረንጓዴ ጭጋግ ይፈጥር ነበር። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት መርከብ ላይ የሚያርፍ ፓይለት የመርከቡን ደካማ መብራቶች በዚያ ጭጋግ ውስጥ መለየት ተቸገረ። መፍትሔው እያንዳንዱ ፒክስል ራሱን ችሎ የሚጠፋበት ኦሌድ ስክሪን ሆነ። ጥቁርም መረጃ ነው፤ «እዚህ ምንም አላየሁም» የሚል መረጃ። እሱን የሚያጠፋ ስክሪን ያለውንም ይደብቃል።

ሁለተኛው የአሜሪካ ጦር ለእግረኛ ወታደር ከማይክሮሶፍት ጋር የጀመረው፣ አይቫስ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 480 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ውል ተጀመረ፤ በ2021 በአሥር ዓመት እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ታወጀለት። በመካከሉ፣ በየካቲት 2019፣ የኩባንያው ሠራተኞች «የጦር መሣሪያ ለመሥራት አልተቀጠርንም» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ለኃላፊዎቻቸው ጽፈው ውሉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። የኩባንያው መሪ ሳትያ ናዴላ ሕዝብ ለመረጣቸው ተቋማት ቴክኖሎጂ እንደማይከለክሉ መለሱ፤ ሥራው ቀጠለ። በ2022 በተደረገው ሙከራ ወታደሮቹ ራስ ምታት፣ የዓይን ድካምና ማቅለሽለሽ አጋጠማቸው፤ ምቾት ካጡት መካከል ከ80 በመቶ የሚበልጡት የታመሙት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጦሩ ዲዛይኑ እንዲታደስ፣ በጨለማ የሚያየው ሴንሰርም እንዲሻሻል አደረገ። በየካቲት 2025 ፕሮግራሙን አንዱሪል የተባለ ኩባንያ እንደሚረከብ ተነገረ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው እንዲህ ነው። ሊቃውንት ከሐዲስ አስተላላፊ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ ዐዳላና ዶብጥ። ዐዳላ ሥነ ምግባሩ ነው፤ ዶብጥ የሰማውን ሳያዛንፍ መያዙ። ደብዳቤ የጻፉት ሠራተኞች የጠየቁት የዐዳላን ጥያቄ ነበር፤ «ይህ ለማን ነው? ምን ሊሠራበት ነው?» መሣሪያውን ለብሰው የታመሙት ወታደሮች ያነሱት የዶብጥን ጥያቄ ነበር፤ «የሚያሳየኝ ልክ ነው ወይ?» አንዱ ጥያቄ ሌላውን አይተካም። በጣም ጥሩ የሚያሳይ መሣሪያ በዳይ እጅ ላይ ይገባል፤ በጥሩ ኒያ የተሠራ የተዛነፈ መሣሪያም ንጹሕ ሰው ያስገድላል። የእኛ ክርክር ሁልጊዜ በአንደኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ይቆማል።

ለማን ዓይን?

«ራቁት» ለሚሉት ወንድሞች አንድ ነገር ልበል። በኢስላም የጦርነት ሕግ ሴቶችና ሕፃናት እንዳይገደሉ መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ልዩነት ማየት ከባድ የሚሆነው በሌሊት ነው። ጠንቃቃ ሰዎች ሁሉ ከዲዛይኑ ጠረጴዛ ከተነሱ፣ ስድስቱን ፒክስል ማን ምን ብሎ እንደሚሞላቸው የሚወስኑት የቀሩት ናቸው።

ደግሞም ያው ሴንሰር፣ ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ስክሪን ሌላ ሥራ አለው። አገራችን ዳፍንት የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት በምግብና በመድኃኒት ይድናል፤ በዘር የሚተላለፈው፣ ሬቲናን ቀስ በቀስ የሚጎዳው ዓይነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይድንም። ለእነዚህ ሰዎች ሆያ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለትንሽ ብርሃን የሚሆን ካሜራና ስክሪን ያለው መነጽር ሠርቷል። ለመግሪብ ሶላት ወጥቶ ከዒሻ በኋላ ሰው ካልመራው ወደ ቤቱ መመለስ የማይችል አባት ስንት ሰፈር እንዳለ አስቡ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በጭስ ውስጥ የሙቀት ምስል የሚያሳይ ጭምብል አላቸው፤ የበርና የግድግዳ ጠርዝን በመስመር የሚያሳይም አለ። እዚህም የዶብጡ ጥያቄ ያው ነው። በር የሌለበት ቦታ የበር መስመር የሳለ ስክሪን የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ይገድለዋል።

«የሠሪው ጉዳይ አይደለም» ለሚሉት ደግሞ፤ ምስክር የሚያዘጋጅ ሰው ምስክሩ ስለሚናገረው ግድ የለኝም ማለት አይችልም። ማን እንደሚለብሰው የማይነገርን፣ ወይም ሰውን ሳያጣራ «ዒላማ» ብሎ ቀለም የሚቀባን ሥራ በበኩሌ አልሠራውም። ሌሎችም እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ይህ የተማሪ አስተያየት እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋ ከባለቤቶቹ ይጠየቃል። ግን ለሙፍቲው ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ የኛ ግዴታ ነው። «ናይት ቪዥን ሐላል ነው ወይ?» ብለን ከጠየቅን የምናገኘው መልስም እንደ ጥያቄያችን የተድበሰበሰ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

በዚህ ዘርፍ ፕሮጀክት የምትመርጡ እህቶችና ወንድሞች አምስት ነገሮችን እንድትይዙ አሳስባለሁ።

1. ርዕሱን ከመፈረማችሁ በፊት የሚለብሰው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በሪፖርታችሁ መግቢያ ላይ አስፍሩ።

2. ፕሮግራም ያልነካው ጥሬ ምስል ሁልጊዜ በአንድ ቁልፍ የሚገኝ ይሁን። ለባሹ ነጠብጣቡን የማየት መብት አለው።

3. በፕሮግራም የተጨመረ ማንኛውም መስመር፣ ምልክትና ቀለም ሴንሰሩ ካየው ተለይቶ ይታይ።

4. ምስሉ ከዘገየ ወይም ከቆመ ስክሪኑ የቆየውን ይዞ አይቆይ፤ ይጨልም ወይም በግልጽ ያሳውቅ።

5. በላብራቶሪ መብራት ሳይሆን በእውነተኛ ሌሊት፣ ለሰዓታት፣ በሚለብሱት ሰዎች ላይ ሞክሩት፤ መሣሪያው የተሳሳተባቸውን ምስሎችም ከሪፖርቱ አታውጡ።

ለጀመዓችን ኮሚቴ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የመመረቂያ ርዕስ የሚመረጥበት ጊዜ ከመድረሱ በፊት አንድ ምሽት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ፣ አንድ ፊቅህ የቀሩ ኡስታዝና አንድ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መምህር አብረው የሚቀመጡበት መርሐ ግብር ይዘጋጅልን። ኡስታዙ ስለ ሸሃዳና ስለ ዶብጥ ይንገሩን፤ መምህሩ ስለ ፎቶንና ስለ መዘግየት። እኛ ደግሞ ሁለቱን አገናኝተን እንጠይቅ። በመድረሳ የቀራነውና በክፍል የተማርነው አንድ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ መመረቅ የለብንም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ የተጣለብንን አማና የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።